መሪ በክንድ ብቻ አይያዝም

የሰሊጡ አጨዳ አብቅቶ መንገዱ በጭነት መኪና በሚጨናነቅበት በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ከሸሕዲ ወደ መተማ ስሄድ፣ ከተማው ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የተሳፈርሁባት ባጃጅ ጎማዋ ተነፈሰና ከአንድ ግራር ሥር ተጠለልሁ። እዚያ ሆኜ ያየሁትን መጀመሪያ ዓይኔም አላመነው። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በዚያ ሐሩር በአስፋልቱ ዳር በእግራቸው ይሄዳሉ። አንዲት ወጣት ደግሞ በቀይ ስፖርት ሞተር ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ኤሊ እየተሳበች ከጎናቸው ትከተላለች።

«ምነው፣ የጠፋ ነገር አለ ወይ?» አልኋት።

«የጠፋው የአጎቴ እምነት ነው» ብላ ፈገግ አለች። ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

የትናየት ትባላለች፤ ጎንደር ሙያ ኮሌጅ የተሽከርካሪ ጥገና ተምራ መተማ ላይ ጋራዥ የከፈተች ልጅ ናት። ሽማግሌው አቶ አምባው የእናቷ ወንድም ሲሆኑ፣ ሰሊጥ እያረሱ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። እኔም የሰብል ጥበቃ ባለሙያ መሆኔን ነግሬያቸው አብሬ መራመድ ጀመርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አቶ አምባው ከኋላ ተፈናጠው፣ ከእሳቸውም ኋላ አንድ ጆንያ ሰሊጥ ታስሮ ሲመጡ፣ የጭነት መኪና ባጎደጎደው አስፋልት ላይ የፊቱ ጎማ ነጠረ። ወዲያው መሪው ግራ ቀኝ ይርገፈገፍ ጀመር። ሽማግሌው ደንግጠው በልጅቷ ትከሻ ላይ ተንጠራሩና መሪውን ጨበጡት። ባሰበት። ሞተሩ ከመንገድ ወጥቶ የማሽላ አገዳ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ከጭረት በቀር ምንም አልሆኑም።

«እንግዲህ እዚያ ላይ ከምወጣ በጉልበቴ ብድህ ይሻለኛል» አሉ አቶ አምባው። «መሪ የሚገዛው በክንድ ነው። ያንቺ ክንድ ባይላላ ይህ ሁሉ ባልመጣ።»

«አጎቴ፣ ያላላሁት አውቄ ነው። መሪ ሲርገፈገፍ ግትር ብለው ከያዙት የእርስዎም ድንጋጤ ወደ ጎማው ይወርዳል። የሚሻለው ለቀቅ አድርጎ ይዞ ነዳጁን ቀስ ብሎ መቀነስ ነው። ለወደፊቱ ደግሞ የመሪ ዳምፐር እገጥምለታለሁ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«አንድ ጫፉ በመሪው በኩል፣ ሌላው በሞተሩ አካል ላይ የሚታሰር፣ ውስጡ ዘይት ያለበት ትንሽ ቱቦ ነው። መሪው በድንገት ሲወራጭ ያበርደዋል።»

«መሪውን ልታስሪው? የደነበረ በሬ አንገቱን ቢያስሩት ይገለበጣል እንጂ ይበርዳል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌው ሲናገሩ እሳቸው ልክ ይመስሉኛል፤ ልጅቷ ስትመልስ ደግሞ እሷ። ግራ እንደተጋባሁ ጋራዡ ደረስን።

በሩ ላይ ውኃ የሞላ በርሜል ነበር። «እጅዎን ይንከሩና ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱት» አለቻቸው። «ከለከለዎት?»

«ኧረ አልከለከለኝም።»

«አሁን በኃይል ግራ ቀኝ ያወራጩት።»

ውኃው ተናጠ፤ የእኔም ሱሪ ራሰ። የሽማግሌው እጅ ግን እንደ ፊተኛው በቀላሉ አልሄደላቸውም።

«ዳምፐርም እንዲሁ ነው። በእርጋታ ሲያዞሩት ይታዘዛል፤ ሲወራጭ ይቃወማል። አያስርም።»

«ይህስ ገባኝ» አሉ እጃቸውን እያራገፉ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የትናየት ግን «ዛሬ አይገጠምም» ብላ የፊቱን ጎማ ከመሬት አነሣችና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዘወዘችው። ቋ፣ ቋ አለ። «መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ ላልቷል። ጎማውም አየር ጎድሎታል። ጆንያው ደግሞ ከኋላ ከብዶ ፊቱን አቅልሎታል።»

አቶ አምባው አጨበጨቡ። «እንግዲያ ቱቦው ለምን አስፈለገ? ኩሽኔታውን ማደስ ነዋ!»

«እኔም እንደዚያው መሰለኝ» አልሁ። «ጥፋተኛው የትኛው ነው?»

«ሁሉም እጃቸው አለበት። ይበልጡን የትኛው እንደሆነ እኔም በእርግጥ አላውቅም» አለች። የተማርሁ ነኝ ብላ ይህን ለመናገር አላፈረችም፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ይበልጥ አመንኋት። «ዳምፐር በሽታ መሸፈኛ አይደለም። የላላ ኩሽኔታ ላይ ብገጥመው ቁስልን ሳያጥቡ መጠቅለል ነው። ግን ሁሉም ደህና ሆኖ እንኳ መንገዱ ጎድጓዳ ነው። ይህ ሞተር ደግሞ መሪው ስስ ስለሆነ ትንሽ ነገር ያስደነብረዋል። ዳምፐሩ ለዚያ ነው።»

አዲሱ ኩሽኔታ ከገባ በኋላ፣ በገበያ ቀን ተመልሼ አገኘኋቸው። ረፊቃ የምትባል የመለዋወጫ ነጋዴ ሁለት ዳምፐር ይዛ ጋራዡ መጥታለች፤ አንዱ ረጅምና ወርቃማ፣ ሌላው አጭርና ደብዛዛ።

«ወርቃማው!» አሉ አቶ አምባው።

«ወላሂ፣ ጎረምሳው ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው» አለች ረፊቃ።

የትናየት ወርቃማውን ከሞተሩ ጎን ለክታ መሪውን እስከ ጥግ አዞረችው። የቱቦው ዘንግ ተስቦ አለቀ፤ መሪው ግን ገና መዞር ይቀረዋል። «ኩርባ ላይ እንዲህ ቢያዝብን መገልበጣችን ነው። ማሰሪያውም ለዚህ ሞተር የተሠራ አይደለም» ብላ ደብዛዛውን መረጠች። ከገጠመችው በኋላም መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዞረች፤ የቤንዚን ታንከሩንም ሆነ ሽቦዎቹን የሚነካ ነገር የለም።

ይሄኔ አቶ አምባው ዳምፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ማጥበቂያ አዩና እስከ መጨረሻው ጠመዘዟት። «መልካም ነገር ከሆነ ይጥበቅ!»

«እስቲ ግቢውን እየገፉ ያዙሩት» አለቻቸው።

ገፉት። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደ፤ ለማቃናት ሲታገሉ ሞተሩ ዘመም አለና ተረባርበን ደገፍነው። «ለካ መድኃኒትም ሲበዛ ይገድላል» አሉ እያለከለኩ።

የትናየት ማጥበቂያዋን ወደ ላላው ጫፍ መለሰቻት። «ከዚህ እንጀምራለን፤ ካስፈለገ ትንሽ ትንሽ እናጠብቃለን።»

መጀመሪያ ብቻዋን ነድታ ተመለሰች። ከዚያ አቶ አምባው አማተቡና ያለ ጆንያ ከኋላዋ ተፈናጠጡ። ወደዚያው ጎድጓዳ መንገድ ሄዱ። ረፊቃና እኔ በሩ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው።

ሲመለሱ ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ ነበር። «ጎድጓዳው ላይ መሪው አንዴ ወዝወዝ አለና ተወው። ግን ኩሽኔታው ይሁን፣ አየሩ ይሁን፣ ቱቦው ይሁን አልለየሁትም።»

«አብረው ናቸው፣ አጎቴ።»

«እንግዲያ አብረው ይኑሩ።»

በቀጣዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎረቤታቸው አቶ ፈረደ ቀረቡና፣ ያ ሞተር ልጅቷን ሳይቀጥፋት ይሸጥ ብለው መከሩ። አቶ አምባው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ሰው ወድቆ የሚሰበረው ክንዱ ስላነሰ ብቻ አይደለም፣ ፈረደ። ጎማውን ሳያይ፣ ጭነቱን ሳይመጥን፣ የላላውን ሳይጠግን ስለሚጋልብ ነው። ያን ሁሉ ካደረገ በኋላ በልኩ የተገጠመ ያ… ዳንፔር… ዳፐር…» አሉና ስሙ ጠፋባቸው።

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ስሙን እሷን ጠይቋት» አሉ። «ጥቅሙን ግን እኔን ጠይቁኝ።»