በድምፅ ብልጫ የተመረጠው ማጫወቻ

ስልክ ኪሳችን ውስጥ እያለ፣ ዘፈን ለመስማት ብቻ ሌላ ማጫወቻ ምን ያደርጋል?

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ይህን ጠይቆ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም። ኃላፊያችን አቶ ዓለማየሁ ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል፤ አንዴ በስብሰባ፣ አንዴ በሻይ ሰዓት። እኔም ጠይቄያለሁ። የጠየቅኩት ግን እንዲህ ያለ ነገር ጨርሶ ሊጠየቁ የማይገባቸውን ሰው ነው። እሳቸውም አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ይህ የግራው ስፒከር እንደሚንሿሿ ከማናችንም በፊት ሰምተው፣ ለእኛ ሲሉ እንዳልሰማ ሰው ፈገግ ብለዋል።

እትዬ ሙሉጌጥ፣ የቋንቋ ማዕከላችን ባልደረቦች፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሔኖክ እባላለሁ። ድምፅ ክፍሉ ውስጥ እትዬ ሙሉጌጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ እኔ አንድ ዓመት ከአራት ወር። ንግግሩን እኔ እንዳደርግ የተመረጥኩት ስለማውቃቸው አይደለም፤ «ወጣት ነው፣ ቶሎ ይጨርሳል» ተብሎ ነው።

እንዲህ ባለ የሽኝት ቀን ተሸኚው መጀመሪያ የመጣበትን ዕለት አንስቶ መቀለድ የተለመደ ነው። ችግሩ፣ እትዬ ሙሉጌጥ ሥራ ሲጀምሩ እኔ አልተወለድኩም። ስለዚህ ከአቶ ዓለማየሁ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ፤ ውሸት ከሆነ የእሳቸው ነው። የዚያን ጊዜው ኃላፊ አዲሷን ቴክኒሽያን ድምፅ ክፍሉ መሐል አቁመው «እንኳን ደህና መጣሽ» የሚል ረዘም ያለ ንግግር ይጀምራሉ። እትዬ ሙሉጌጥ በትሕትና ያቋርጧቸዋል።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ መብራቱ ይጮኻል።»

ኃላፊው ቀና ብለው አዩት። መብራቱ ይበራል እንጂ አይጮኽም። «እኔ አልሰማሁም» አሉ።

«ለዚህ እኮ ነው የቀጠራችሁኝ» ብለው ሄደው አጠፉት። እንደምታውቁት ክፍሉ መስኮት የለውም። የተቀረው ንግግር በጨለማ ተደረገ፤ በማዕከሉ ታሪክ በጥሞና የተደመጠ ብቸኛው የኃላፊ ንግግር እሱ ነው ይባላል።

እኔ የመጣሁ ዕለት ደግሞ ዲግሪዬ ገና ትኩስ ነበር። ላፕቶፔ ውስጥ ድምፅ ክፍሉን በስድስት ወር እንዴት እንደማዘምነው የሚያሳይ አርባ ሁለት ገጽ ነበረኝ። ፕሮጀክተር ተክዬ አርባ ሁለቱንም አቀረብኩላቸው። እጃቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው ተከታተሉ።

«ጥያቄ አለዎት፣ እትዬ?»

«አንድ። አሁን ምን ትሰማለህ?»

«ምንም።»

«ደግመህ ስማ።»

ሰማሁ። «ምንም የለም።»

«እንግዲያው እስኪኖር ድረስ ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ፕሮጀክተሩ እንደሚያፏጭ ሰማሁ። ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ባለ ረጅም እግሩ ወፍ፣ እንደ ጥበቃ ወዲህና ወዲያ ሲንጎራደድ። ነገርኳቸው። «ጎሽ» አሉ። «ገጽ አርባ ሦስት ላይ ጻፈው።»

የቀረውን አመላቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሄድፎን ከማድረጋቸው በፊት ጉትቻቸውን ያወልቃሉ። ቆሎ ይዞ የመጣ ሰው ከበሩ አያልፍም፤ ቤተልሔም፣ አትሳቂ፣ አንቺ ሦስት ጊዜ ተባርረሻል። አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ካረፈ ቀረጻ ይቆማል። ዲንም ይሁን ዶክተር፣ ወፉ እስኪነሣ ይጠብቃል። «ማባረር አይቻልም እንዴ?» ያሉ አንድ የተከበሩ እንግዳ «እሱ ቀድሞዎት ነው የመጣው» የሚል መልስ አግኝተዋል።

እስካሁን የቀለድኩት ግን ስለፈራሁ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ድምፅ ክፍሉ የእኔ ነው። መደርደሪያው ላይ ገና ወደ ኮምፒውተር ያልተገለበጡ መቶ አርባ ካሴቶች አሉ፤ በጉዱማሌ አደባባይ በየፍቼው፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የተናገሩ ሽማግሌዎች፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሴቶች፣ ቋንቋቸውን ለእኛ ብለው በዝግታ የተናገሩ ሰዎች። ካሴት ያረጃል። አንዳንዱ አንድ ጊዜ በደህና ከተጫወተልን ዕድለኞች ነን። እኔ አበላሽቼ ከገለበጥኩት፣ ለዘላለም የሚቀረው የተበላሸው ነው። መበላሸቱን የሚያውቁት ደግሞ በዚህ ግቢ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ዛሬ ይሄዳሉ።

ይህን ይዛችሁ ወደ ስጦታው እንምጣ።

የስጦታ ኮሚቴ ተቋቋመ። እትዬ ሙሉጌጥ ጡረታ ወጥተው ቱላ ያለውን ጓሯቸውን ሊኮተኩቱ ነው፤ ስለዚህ በኪስ የሚያዝ፣ ድምፁ ጥሩ የሆነ ማጫወቻ እንስጣቸው ተባለ። ሐሳቡ ግሩም ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ በዚህ ከተማ ጥሩውን ድምፅ ከመጥፎው ለይተው የሚነግሩን፣ በምስጢር የምንገዛላቸው ሴትዮ ራሳቸው ናቸው። መላ አገኘሁ።

«እትዬ፣ አጎቴ ጥሩ ድምፅ ያለው ማጫወቻ ሊገዛ ነው። ምን ልምከረው?»

«አጎትህ ምን ይሰማል?»

ይህን አልተዘጋጀሁበትም። «ሁሉንም» አልኩ።

«ሁሉንም ማለት መልስ አይደለም። ሂድና ጠይቀው።»

በማግሥቱ የሌለውን አጎቴን ጠይቄ መጣሁ። «መዝሙር፣ የድሮ ዘፈን፣ ደግሞ የሰው ወሬ ይወዳል። የተቀረጸ ወሬ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲያው አጎትህ ሰው ነው። የት ሆኖ ነው የሚሰማው?»

«ጓሮ። እየኮተኮተ።»

«ስክሪን የሚነካ አይግዛ፤ እጁ ጭቃ ነው። ሳያይ በጣቱ የሚያገኘው ቁልፍ ይኑረው። ደግሞ ፋይሎቹን እንዳይጨምቃቸው ንገረው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የጨመቀው ዘፈን መጀመሪያ የሚጥለው ስሱን ድምፅ ነው። ጥሩ ማዳመጫ ከሌለውም በማጫወቻው አይመጻደቅ።»

አጎቴን ስለወደዱት ባህል አዳራሽ አካባቢ አብዱልሃሚድ ሱቅ ድረስ አብረውኝ መጡ። አብዱልሃሚድ እንደምታውቁት ዕቃውን እንደ ልጁ ነው የሚያሞግሰው። መብራቱ በሰባት ቀለም የሚጨፍር አንድ ማጫወቻ አወጣ። «እናቴ፣ የዚህ ቤዝ ግድግዳ ያናውጣል!»

«ግድግዳው ምን አደረገህ?» አሉት።

ከቦርሳቸው ሚሞሪ አወጡ። ውስጡ አንድ ፋይል አለ፤ ምንም ያልተቀረጸበት፣ የሁለት ደቂቃ ዝምታ። «ይህን አጫውትልኝ።»

«እናቴ፣ ባዶ ነው እኮ!»

«እሱን ነው የምሰማው።» ሄድፎኑን አደረጉ፤ ጉትቻቸው እኔ እጅ ላይ ነበር። ትንሽ ቆይተው አወረዱት። «ሽሽሽ ይላል። ዝም ማለት የማይችል ማጫወቻ ነው።»

«ዝም የሚል ማጫወቻማ ማን ይገዛኛል?» አለ አብዱልሃሚድ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀረቡ። አስደመጡኝ። በልበ ሙሉነት «ሦስተኛው ይበልጣል!» አልኩ። «ሦስተኛውን ከፍ አድርጌብህ ነው» አሉ። እኩል አድርገው መልሰው ሲያስደምጡኝ ልዩነቱ ጠፋብኝ። የጮኸ ሁሉ የተሻለ እንደሚመስል የተማርኩት በአራት ዓመት የኢንጂነሪንግ ትምህርት አይደለም፤ አብዱልሃሚድ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ነው። እሱ ተስፋ አልቆረጠም። «ሳጥኑን ይመልከቱት እናቴ፣ ሠላሳ ሁለት ቢት ይላል!»

«ሳጥኑን አልሰማውም፣ ልጄ።»

አራተኛው ግራጫ ነው፤ መልኩ ግማሽ የልብስ ሳሙና ይመስላል። ዝምታውን አጫወቱ፣ ሄድፎኑን አላወረዱም። ዘፈን አጫወቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ሙሉ ዘፈን ቆመው ሰሙ። አብዱልሃሚድ ማንም ሳያዘው ቬንቲሌተሩን አጠፋ። ሲጨርሱ «ይሄ ለአጎትህ ይበቃዋል» አሉ። እሳቸው ዘንድ «ይበቃዋል» ከዚያ በላይ የሌለው ሙገሳ ነው።

ሮጥኩ፤ ለኮሚቴው ሪፖርት አቀረብኩ። አምስት ነን። ቤተልሔም «ሳሙና ነው የምንሸልማቸው? የሚያበራው ይሁን፣ ፎቶ ላይም ይወጣል» አለች። አቶ ዓለማየሁ «ዲሞክራሲ ነው፣ ድምፅ እንስጥ» አሉ። ተሰጠ። አራት ለአንድ። አንዱ እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «መብራት ያለው ማጫወቻ በድምፅ ብልጫ ተመርጧል።»

ከዚያ አቶ ዓለማየሁ በሃያ ዓመት ልማዳቸው ከሥሩ አንድ መስመር ጨመሩ፦ «ግልባጭ፦ ለሁሉም ሠራተኞች።»

የምስጢራዊው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ በመዝገብ ቤት በኩል፣ ተፈርሞበት፣ ለእትዬ ሙሉጌጥ ደረሰ።

በማግሥቱ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ይዘው ቢሮ ገቡ። «አቶ ዓለማየሁ፣ እዚህ ጋ በድምፅ ብልጫ ይላል።»

«አዎ… ማለቴ…»

«ማናችሁ ሰማችሁት?»

ቢሮው ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ቀርጬው ቢሆን ኖሮ ለአብዱልሃሚድ ሱቅ መፈተሻ በሆነ።

«ድምፁን ሳትሰሙ ነው ድምፅ የሰጣችሁት?» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። እኔ አጠገብ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው በሹክሹክታ፣ «ለአጎትህ ንገረው፣ የሚያበራውን እንዳይቀበል።»

ከሰዓት በኋላ አዲስ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ግልባጭ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ስጦታው ሲሰጥዎ በጣም እንዲደነግጡልን በኮሚቴው ስም እጠይቃለሁ።

አሁን መጀመሪያ ላይ የጠየቅኩትን ልመልስ፤ ቀልድ አይደለም። በመጣሁ በሦስተኛው ወር ብቻዬን አንድ ካሴት ገለበጥኩ። አንዲት ትልቅ ሴት በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ ስለ ልጅነቷ ታወራለች። ካሴቱ ይንሿሿ ነበር፤ በፕሮግራም አጸዳሁት። በስልኬና በኤርፎኔ ሰማሁት፤ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ኮርቼ አመጣሁላቸው። ጉትቻቸውን አወለቁ፣ ሰሙ።

«ትንፋሿ የት ሄደ?» አሉኝ።

አልገባኝም። ሄድፎናቸውን አደረጉልኝና ዋናውን ካሴት አጫወቱ። ሴትዮዋ የሟች እናቷን ስም ከመጥራቷ በፊት አየር ትስባለች፤ ትንሽ፣ የተቆራረጠች። እኔ ጫጫታ ነው ብዬ ያጠፋሁት እሱን ነው። በስልኬ ብቻ ሰምቼው ብቀር ኖሮ ዕድሜ ልኬን መጥፋቱን አላውቅም ነበር። ማጫወቻ ለምን እንደሚመረጥ ያን ዕለት ገባኝ፤ የቀረውን ለመስማት ብቻ ሳይሆን የጎደለውን ለማወቅም ነው።

ለማንም አልተናገሩብኝም። አቶ ዓለማየሁ፣ ይህን አሁን ነው የሰሙት፤ ይቅርታ። ካሴቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ለመጫወት ፈቀደልን፤ እንደገና ገለበጥነው። እትዬ፣ «ተበላሸ» ሳይሉ «ትንፋሿ የት ሄደ?» ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግንዎታለሁ። አንድም ቀን «አትችልም» አላሉኝም። «ደግመህ ስማ» ነበር የሚሉኝ፤ ለችኩል ሰው ከዚያ የባሰ ቅጣት የለም፣ ከዚያ የተሻለ ደግነትም አላየሁም።

ማጫወቻው ይኸው፤ ግራጫው። መዝሙሩም፣ የድሮ ዘፈኑም አለበት፤ አንዱም አልተጨመቀም። ከነሱ ሌላ ሦስት ቅጂዎች አሉበት። ባለፈው ወር፣ እርስዎ ፈቃድ ላይ ሳሉ፣ ብቻዬን የገለበጥኳቸው ሦስት ካሴቶች ናቸው። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። የሚያበራው ማጫወቻ ስሕተቴን በቤዝ ይሸፍንልኝ ነበር፤ ይሄኛው አይሸፍንልኝም። ስለዚህ ይህ ስጦታ ነው ብዬ አልዋሽም፤ የቤት ሥራ ነው።

ቱላ ሲደርሱ፣ ሲመችዎ ይስሟቸው። «ጎበዝ ነህ» ለማለት ከሆነ አይደውሉልኝ። የጎደለ ካለ ግን ይደውሉና «እገሌ ላይ፣ እዚህ ጋ» ይበሉኝ። ከመቶ አርባዎቹ የመጀመሪያውን የምገለብጠው ከእርስዎ ከሰማሁ በኋላ ነው። አቶ ዓለማየሁ፣ የሩብ ዓመት ዕቅዴ ይኸው ነው፤ ድምፅ አይሰጥበትም።

በሉ፣ ሁላችሁም ብርጭቆ አንሡ፤ ለስላሳም ይቆጠራል። ለእትዬ ሙሉጌጥ! ጎረቤትዎ ጄኔሬተር አይግዛ። ባትሪዎ ዘፈን መሐል አይለቅብዎ። ጎመንዎ ይጽደቅ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎ፣ በሄዱበት ሁሉ ሰው ሲያይዎ ደስ ይበለው። አሜን በሉ እንጂ!

እትዬ፣ አሁን የእርስዎ ተራ ነው። የሚደውሉልኝ ከሆነ እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እሺ ይበሉኝ።