ከቀዩ መስመር በፊት

የግድቡ በር ጠባቂ ለበሩ መዘውር ጥርሶች የሚቀባ ግራሶ ሊገዙ የግንባታ ዕቃ መደብር ቆመው ሳለ፣ የሟች እህታቸው ልጅ የላስቲክ ሸራ ልታስቆርጥ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ «አባ በሩ» የሚላቸው እኚህ ሰው ሲያይዋት ፊታቸው ፈካ፣ ወዲያው ደግሞ ጨፈገገ። ልጅቱን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዷታል፤ የምትሠራበትን የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ግን ስሙን መስማት አይፈልጉም።

ምክንያት አላቸው። አምና በሬዲዮ ከባድ ዝናብ ይመጣል ሲባል አምነው በሩን ከፈቱ፤ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ከተማው በጋውን ሙሉ ውሃ በተራ ሲቀዳ ከረመ፣ እሳቸውም «ውሃ ደፊው» ተባሉ። ሰው ስም ለማውጣት መቼም አይሰንፍም። ከዚያ ወዲህ የሚያምኑት በግድቡ ግድግዳ ላይ የተቀባውን ቀይ መስመር ብቻ ነው፤ ውሃው መስመሩን ሳይነካ በሩን ንክች አያደርጉም።

ልጅቱ ሰላምታዋን በቅጡ ሳትጨርስ «ጋሼ፣ እንኳን አገኘሁዎት፤ እርስዎ ዘንድ ልመጣ ነበር» ስትል ነገሩ ገባቸው። ግራሶውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ግድቡ ገሰገሱ፤ እሷም እግር በእግር ተከተለች። እስከ ነገ ጠዋት ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ሊወርድ እንደሚችል ነግራ፣ ዛሬውኑ ውሃውን ዝቅ እንዲያደርጉ ለመነቻቸው። ለአለቃቸውም ደውላ ነበር፤ እሱ ግን ኃላፊነቱ የበር ጠባቂው ነው ብሎ ስልኩን ዘጋባት። የአለቃ ነገር ይኸው ነው።

በሩን የሚያዞሩበት ጠባብ ክፍል ሲደርሱ አባ በሩ መቀመጥ አልቻሉም። ከመስኮቱ ወደ መዘውሩ፣ ከመዘውሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳሉ። በመስኮቱ የታችኛው ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያዎች ወንዙን ታክከው ይታያሉ።

«ይህ የምትተነብዩበት፣ ሞዴል የምትሉት ነገር ነገን ያያል?» ሲሉ ጠየቁ።

እንደማያይ፣ እንደሚያሰላ ነገረቻቸው። የአየሩን ሙቀት፣ ግፊት፣ ንፋስና እርጥበት ከየጣቢያውና ከሳተላይት በቁጥር ይሰበስባል፤ ሰማዩን በካሬ በካሬ ከፍሎም አንዱ ካሬ ጎረቤቱን እንዴት እንደሚገፋ በኮምፒውተር ያሰላል። አምና ካሬዎቹ ሰፋፊ ስለነበሩ ተራራውንና ሜዳውን አንድ ላይ ይውጡ ነበር። ዘንድሮ ጠበዋል፤ የክረምቱ እርጥብ ንፋስ ተራራውን ሲወጣ ምን ያህል ውሃ እንደሚያራግፍ ከአምናው በተሻለ ይለያሉ።

«ለመሆኑ ስንት ጊዜ አሰላችሁት?»

«ሃያ ጊዜ ጋሼ። ስንለካ ጥቂት መሳሳታችን አይቀርም፤ ስለዚህ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እያዛነፍን ደጋግመን እናሰላለን። ከሃያው አሥራ ስድስቱ ከባድ ዝናብ ብለዋል።»

«አራቱስ? ቃሉን የሚለዋውጥ ምስክር እኮ ከችሎት ተባሮ ነው የሚወጣው።»

«አንድ ምስክር መስሎዎት ነው። ሃያ ምስክር ነው ያቀረብኩልዎ። አራቱ አልተስማሙም ብሎ የአሥራ ስድስቱን ቃል የሚጥል ዳኛ አለ?»

አባ በሩ እንደገና መስኮቱ ጋ ሄደው ተመለሱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልትሳሳቱ ትችላላችሁ?» አሏት።

«እንችላለን።»

አንሳሳትም ብላ ምላ ተገዝታ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቅጽበት ያሰናብቷት ነበር። የአምናው የሬዲዮ ሰው ግን ይህችን ቃል አልተናገረም። ለካ አባ በሩ ዓመቱን ሙሉ የተቀየሙት ዝናቡ በመቅረቱ ሳይሆን፣ ሊቀር እንደሚችል የነገራቸው በመጥፋቱ ኖሯል።

«እኛ ብንሳሳት» ስትል ቀጠለች፣ «ክረምቱ ገና አልተጋመሰም፤ ውሃው ተመልሶ የመሙላት ዕድል አለው። እርስዎ ከተሳሳቱ ግን ታች ያለው ሰው አይመለስም። መስመሩን እስኪነካ ከጠበቁ ደግሞ ጎርፉን በአንዴ ነው የሚለቁባቸው። አሁን በጥቂቱ ቢከፍቱት ወንዙ ቀስ እያለ ይሸከመዋል።»

አባ በሩ ፈሩ። የፈሩት ለስማቸው ነበር፤ ይህን ማወቃቸው ደግሞ አሳፈራቸው። የታችኛው ሰፈር ሰው ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲወጣ በድምፅ ማጉያ አስነገሩና፣ መዘውሩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

በማግስቱ ጠዋት ከታችኛው ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ እየተንጨረጨረ ከች አለ።

«አባ በሩ፣ ምነው ጨከኑብን? ማሽኔን ተሸክሜ አቀበቱን ስወጣ ወገቤ ተቆረጠ። ልጆቼ ወለል ላይ አደሩ። እኛ ጋ የዘነበው ካፊያ ነው፤ ወንዙም ደጄ ደርሶ ተመለሰ!»

አባ በሩ እጁን ይዘው ወደ ግድቡ አፋፍ ወሰዱት። ተራራው ላይ ሲዘንብ አድሯል። ቀዩ መስመር የለም፤ ውሃው ውጦታል። ከአፋፉ የቀረው አንድ ስንዝር ነው።

«ትናንት የለቀቅኩትን ጨምርበትና የት እንደሚደርስ ንገረኝ» አሉት።

ልብስ ሰፊው ጨርቅ እንደሚለካ በዓይኑ ለካ። ከዚያ ወደ ሰፈሩ ዞሮ አየና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

«ከእንግዲህ መስመሩ እስኪነካ አልጠብቅም» አሉ አባ በሩ። «ትንበያ ሲመጣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ እጠይቃለሁ፤ ቀደም ብዬ በጥቂቱ እከፍታለሁ፤ እናንተም ልጆቻችሁንና ዕቃችሁን በቀን ብርሃን ታወጣላችሁ። አንዳንዴ በከንቱ ትደክማላችሁ። ያን ጊዜ መጥታችሁ ተቆጡኝ፤ የሚቆጣ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

ልብስ ሰፊው ከድንጋዩ ላይ ተነሳና፣ «ማሽኑን ግን ብቻዬን አላወርደውም» አለ።

ዝናቡ አባርቶ ውሃው ከመስመሩ በታች ሲወርድ፣ አባ በሩ ለማንም ሰጥተውት የማያውቁትን የበሩን ቁልፍ ግድቡ ላይ አብራቸው ላደረችው ለእህታቸው ልጅ አስያዙና ከልብስ ሰፊው ጋር ሄዱ። ማሽኑን በትከሻቸው ተሸክመው ሲወርዱ፣ ልብስ ሰፊው ቁልቁለቱን ሙሉ «ቀስ ይበሉ እንጂ፣ መርፌዬን ሊሰብሩት ነው!» እያለ ይቆጣቸው ነበር። እንዲህ ደስ ያላቸው ቁጣ በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም።