ውሃ ለመጠጣት ጨዋታ ይቆማል ወይ?

ሴራፊም ሜዴይሮስን የሰደበው ሰው ክላይድ ባንክሮፍት ይባላል። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1978፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ቦታው ሴራፊም ከሚኖርባት ከፎል ሪቨር ከተማ ወደ ቦስተን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ሴራፊም ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከፖርቹጋል፣ ከአዞረስ ደሴቶች ከመጣ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በደመወዝ የሚያጫውት ቡድን ሙከራ ያደርጋል ሲባል ሰምቶ፣ አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ቀይሮ ሄደ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሊግ አቻ መውጣትን አይወድም ነበርና፣ አሸናፊው የሚለየው ተጫዋቹ ከሩቅ ኳስ እየነዳ መጥቶ በአምስት ሰከንድ ውስጥ እንዲያገባ በማድረግ ነበር። ሴራፊም በረኛውን በቀኝ አታለለው፣ በግራ አለፈው፣ ኳሷን ባዶ መረብ ውስጥ አሳረፋት። ስድስት ሰከንድ ፈጀ። ሰዓት የያዘው ባንክሮፍት ፊሽካውን ነፋና ሠላሳ ጎረምሳ በተሰለፈበት፣ "ሰዓቱ አልቋል ፖርቹጋሌ! ሂድ፣ ስፌት ቤትህ ይጠብቅሃል!" አለው። ሠላሳውም ሳቁ።

ሴራፊም ስፌት ቤቱ ሄደ። ሠላሳ አራት ዓመት መጋረጃ ሰፋ። ለአሜሪካ ኳስ ግን ይቅርታ አላደረገም። በጡረታው በከተማው ፖርቹጋሎች የተቋቋመው የሳኦ ሮኬ ክለብ አሠልጣኝ ሆኖ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የአውሮፓን ጨዋታ በክለቡ ቴሌቪዥን ያያል፤ የአሜሪካው ሲመጣ ተነስቶ ራሱ ያጠፋዋል። ማንም ደፍሮ አይከፍትም።

በዚያ አገር በጋ በሆነው በሐምሌ ወር አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዳቦ ቤት ገባ። ዳቦ ሊገዛ አልነበረም፤ የቀኝ ተከላካዩ ኖርቤርቶ ካማራ ጋጋሪ ስለሆነ የከሰዓቱን ጨዋታ እንዳይረሳ ሊያስጠነቅቀው ነው። ወረፋው መሃል የእህቱ ልጅ ናታሊያ ቆማለች። ናታሊያ የስፖርተኞችን ጤና አጠባበቅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረች፣ ከአንድ የአሜሪካ ሊግ ቡድን ጋር የምትሠራ ልጅ ናት። የእረፍት ቀኗ ስለሆነ ለእናቷ ጣፋጭ ዳቦ ልትገዛ መጥታ ነው።

"እንደምን አደሩ አጎቴ?"

"ደህና። ያንቺዎቹ ዛሬ አይጫወቱም? ወይስ ለማስታወቂያ ቆመው ነው?"

"ረቡዕ ተጫወትን። አቻ ወጣን።"

"አቻ? ፈቀዱላችሁ?"

"ኧረ አጎቴ! ከተፈቀደ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው እኮ።"

ኖርቤርቶ ከባንኮኒው ኋላ ሳቀ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። "ሚስተር፣ ጨዋታው ስምንት ሰዓት ነው አይደል?" አለ። የፖርቹጋል ተጫዋች አሠልጣኙን የሚጠራው "ሚስተር" ብሎ ነው።

ናታሊያ የተቀበለችውን ዳቦ መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። "ከቀኑ ስምንት ሰዓት? በዚህ ሙቀት? ኖርቤርቶ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ምድጃ ፊት የቆምከው?"

"ከሌሊቱ ዘጠኝ።"

"ምን ጠጣህ?"

"ሁለት ቡና፣ አንድ ቢራ።"

"በጠዋቱ?"

"እሁድ ነው እኮ!"

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ናታሊያ ግን አልሳቀችም። "አጎቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። በየአጋማሹ መሃል ሦስት ደቂቃ ይቁሙና ውሃ ይጠጡ። እኛ ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ እንደዚያ ነው የምናደርገው።"

ሴራፊም የሚፈነዳው እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሲያገኝ ነው።

"እናንተማ ታደርጋላችሁ! እናንተ የማትቆርጡት ነገር ምን አለ? ኳስ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፣ አለቀ፤ ያልቻለ ቤቱ ይተኛ። በአውሮፓ ሰው ለውሃ ጨዋታ አያቆምም!"

"አጎቴ፣ ድምፅዎን..."

"ድምፄ ደህና ነው! ስሚኝ። በአውሮፓ የመጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። ከተማው በሙሉ ያለቅሳል፣ ተጫዋቹ በጓሮ በር ነው የሚወጣው። እዚህስ? የመጨረሻ የወጣው ይሸለማል! ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣውን ደህና ልጅ መጀመሪያ የሚመርጠው እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንደኛ ሆኖ የቆየው ደግሞ መጨረሻ ላይ በአንድ ቀን ጥሎ ማለፍ ዋንጫውን ለሰባተኛው ያስረክባል። ይኼ ሊግ ነው ሎተሪ?"

እውነት ለመናገር ሴራፊም የተናገረው ሁሉ ቂም አልነበረም። ናታሊያም ይህን አልካደችም።

"በመውረዱ ነገር እውነትዎን ነው" አለች። "እኔም ቢኖር ደስ ይለኛል። መውረድ የሌለበት ቡድን በመስከረም፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ያንቀላፋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አጎቴ፣ በእናንተ ሊግ ስንት ክለብ አለ?"

"ስድስት።"

"እኔ ስወለድስ?"

"ስድስት።"

"ታዲያ ማን ወረደ?"

ሴራፊም ክለቦቹን በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

"አምና የመጨረሻ የወጣውስ ማን ነበር?" አለች ናታሊያ።

"እኛ ነን" አለ ኖርቤርቶ፣ ዳቦ እየጠቀለለ።

"አንተ ዝም በል! ያ ሌላ ነገር ነው!" አለ ሴራፊም።

ናታሊያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የተማሩ ሰዎች ሁሉ እንደዚህ ቢሆኑ መልካም ነበር፤ ብዙዎቹ ሲያሸንፉ ይጮኻሉ። "አጎቴ፣ የአውሮፓ ሊጎች በሐምሌ ምን ያደርጋሉ?"

"ያርፋሉ።"

"ለምን?"

"ምን ለምን አለው? በጋ ነዋ!"

"አዎ። ነሐሴ ጀምረው ግንቦት ይጨርሳሉ፤ ሙቀቱ ሲከር ባሕር ዳር ናቸው። እንግሊዙ ባላጋራው ከተማ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ ለእራት ቤቱ ይገባል። የእኛ ልጆች ግን አምስት ሰዓት በአውሮፕላን ተጉዘው፣ ሰዓት ተቀይሮባቸው፣ በሐምሌ መሃል ቴክሳስ ውስጥ ይሮጣሉ። ኳሱን እነሱ ይበልጡናል፤ ማን ካደ? ሙቀትን ግን እኛ ወደን ሳይሆን ተገደን ተምረነዋል። ኳሱን ከእነሱ፣ ውሃውን ከእኛ ብትወስዱ ምን ነውር አለው? ደግሞስ በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሆላንዶች ቆመው ውሃ ሲጠጡ በክለቡ ቴሌቪዥን አላዩም?"

"ያ ብራዚል ነው።"

"የባንኩን የሙቀት መለኪያ አይተውታል? ዘጠና አምስት ፋራናይት ይላል፤ በአውሮፓዎቹ ሠላሳ አምስት ዲግሪ። የሰው ደም ብራዚልና ፎል ሪቨር ብሎ አይለይም።"

ሴራፊም ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ እውነተኛው ነገር ሳያስበው አመለጠው። "ራፖዞ ምን ይለኛል? ቡድኔን እንደ ሕፃን ጡጦ አጥብቼ ራፖዞ ሰርግና ምላሽ ያደርገዋል።"

ራፖዞ የዕለቱ ባላጋራ፣ የሳንታ ባርባራ ክለብ አሠልጣኝ ነው። ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል፤ በነጥብ ስለሚበልጥ ለራፖዞ አቻም ይበቃዋል።

"ኖርቤርቶ ቢወድቅስ ሚስቱ ምን ትልዎታለች?"

"እኔ በሰዓት አልጫወትም!" ብሎ ጮኸ ሴራፊም፣ ማንም ስለ ሰዓት ሳያነሳ። በሩን ገፍቶ ወጣ።

ናታሊያ ወደ ኖርቤርቶ ዞራ፣ "ላብህ ከቆመ ወይም ራስህን ካዞረህ ተቀመጥ። ማንንም አታስፈቅድ" አለችው። እሱም እሺ አለ፤ እሺ የሚለው ግን ዳቦ ለሚያዙት እንደሚለው ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳው ይጋግር ነበር። ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ የጫማ ሶል ያሞቃል። ዳኛው ሁለቱን አሠልጣኞች ጠርቶ፣ "ከተስማማችሁ በየአጋማሹ መሃል ሦስት ደቂቃ ለውሃ አቆማለሁ" አለ።

ራፖዞ ጢሙን እየዳበሰ፣ "እኛ እንኳን ደህና ነን። የሴራፊም ሽማግሌዎች ከደከሙ ግን እናዝንላቸዋለን" አለ።

"አያስፈልግም!" አለ ሴራፊም።

የመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለአንድ አለቀ። ሁለተኛው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን ኖርቤርቶ የእጅ ውርወራ አግኝቶ ኳሷን ቀጥ አድርጎ ለሳንታ ባርባራ አጥቂ ወረወረለት። የራፖዞ ሰዎች አጨበጨቡ።

"ኖርቤርቶ! ምን ነካህ? የማን ቡድን ነህ?" ብሎ ጮኸ ሴራፊም።

ኖርቤርቶ ወደ እሱ ዞሮ ፈገግ አለ። "ስልሳ ዳቦ ይቀራል" አለ። "ጣፋጩን ገና ከምድጃ አላወጣሁትም።"

ሴራፊም መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎት ሊሰድበው ነበር። ከዚያ ግንባሩን አየ። ሌሎቹ ሁሉ ውሃ እንደፈሰሰባቸው ናቸው፤ የኖርቤርቶ ግንባር ግን እንደ ዳቦ ቅርፊት ደርቋል።

አሠልጣኝ ያለ ዳኛ ፈቃድ ሜዳ አይገባም። ይህን ሕግ ሴራፊም ለተጫዋቾቹ መቶ ጊዜ አስተምሯል። አሁን ግን ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ በጉልበቱ ሕመም እያነከሰ፣ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ እያወዛወዘ ሮጠ። "አቁም! ጨዋታውን አቁም!"

ሜዳ ዳር ቆማ ስታይ የነበረችው ናታሊያ ከመኪናዋ በረዶ የሞላ ትልቅ ገንዳ ይዛ ደረሰች። ምሳዋን ሳትበላ ነበር ያዘጋጀችው። ኖርቤርቶን አስተኝተው ማሊያውን አወለቁለት፤ በበረዶ ውሃ የተነከረ ፎጣ አለበሱት፤ ሲሞቅ እያነሱ ሌላ ደረቡ። አምቡላንስ ተጠራ። ሴራፊም ተንበርክኮ ፎጣ ይጨምቃል። "ማርያም ትጠብቅህ፣ አንተ ደንቆሮ፣ ቢራ ትጠጣለህ በጠዋት!" ይላል። የሚሰድበው እሱን ይሁን ራሱን ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

አምቡላንሱ ሲደርስ ኖርቤርቶ ዓይኑ ጠርቶ፣ "ማነው ውሃ ያፈሰሰብኝ? ሚስተር፣ አንድ ለአንድ ነን እኮ፤ ምን ቆመው ያዩኛል?" አለ። የአምቡላንሱ ሰው ቶሎ መቀዝቀዙ እንዳዳነው ተናገረ፤ ለማንኛውም ብለው ሐኪም ቤት ወሰዱት።

ሴራፊም ከመሬት ተነሳ። የሁለቱንም ቡድን ልጆች ጠራ። "ሁላችሁም ጠጡ። ማንም ሳይጠጣ አይገባም" አለ። ከዚያ ወደ ናታሊያ ዞሮ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አድርጎ፣ "ያልሽውን ድገሚልኝ፤ ልጻፈው" አላት።

እሷም ደገመችለት፤ እሱም ከስም ዝርዝሩ ጀርባ ጻፈ። በበጋ ጨዋታው ፀሐይ ስትበርድ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሁን። በየአጋማሹ መሃል ውሃ ይጠጣ። የተቀየረ ተመልሶ መግባት በሊጋቸው ከተፈቀደ፣ ሴራፊም እንደ አሜሪካ ነውር ቆጥሮ የተወውን ይህን መብት ይጠቀምበት። ሌሊት የሠራ ሰው ከተቀያሪ ወንበር ይጀምር። ይህ ሁሉ ከዚያ ወዲህ በስድስቱም ክለቦች ተደርጓል፤ ጥቅሙም ታይቷል። ድሮ ባለቀ ሰዓት ሁሉም ቆሞ ኳስ ያይ ነበር፤ አሁን በሰማንያኛው ደቂቃ ይሮጣሉ። ሚስቶችና ልጆችም አመሻሹ ላይ ሜዳ ይመጣሉ። እስካሁንም በሙቀት የወደቀ ሰው የለም። መውረድ ግን ዛሬም የለም፤ ሴራፊም በዚህ እንደተናደደ ነው።

የዚያን ቀን ግን ዋንጫው ሄደ። በኖርቤርቶ ፋንታ የገባው ጠንክሮ ተጫወተ፤ ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ፤ አቻውም ለራፖዞ በቃው። ራፖዞ ዋንጫውን በብብቱ ይዞ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮኾ መጣ።

"ሴራፊም! ዕድሜህን ሙሉ አውሮፓ አውሮፓ ስትል ኖርክ፤ ዛሬ በገዛ እጅህ ጨዋታ አቁመህ ዋንጫውን አስረከብከን! ምነው፣ አሜሪካዊ ሆንክ እንዴ?"

ሰው ሁሉ የሴራፊምን አፍ ጠበቀ። አፉ በከተማው የታወቀ ነው። መልስ አላጣም ነበር፤ ሁለት መልስ መጥቶለታል፣ ሁለቱም ራፖዞን አፍ የሚያስይዙ ናቸው።

ከወንበሩ ላይ የኖርቤርቶን ሸሚዝና ጫማ አነሳ፤ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ በራፖዞ አጠገብ አልፎ ወደ ሐኪም ቤቱ መንገድ ሄደ።