ጋሼ ይመር ሮዲዮ ያዩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ሺፍት ስላልነበረኝ፣ ከወሎ ሊጠይቁን የመጡትን አማቼን ጋሼ ይመርን ይዤ፣ ጥቁር ካውቦዮች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ወደሚያሳዩት ሮዲዮ፣ ማለትም የፈረስ ግልቢያና የከብት ውድድር፣ ሄድኩ። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ይህን ሁሉ ዓመት ታክሲ ስነዳ እኔም ጥቁር ካውቦይ አይቼ አላውቅም። የመወዳደሪያው ሜዳ አጥር ጋ አንዲት ጥቁር ወጣት ፈረሷን ለውድድር ስታሟሙቅ፣ ዕድሜያቸውን በቅሎ ሲነግዱ የኖሩት ጋሼ ይመር ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ይሄ ፈረስ የፊት ግራ እግሩን ያመዋል። ንገራት!»

«ኧረ ጋሼ፣ እሷ እኮ ባለሙያ ናት» ብል አልሰማ አሉና በእጃቸው ጠሯት። እያፈርኩ ተረጎምኩላት። ወርዳ ሰኮናውን ስታነሳ ስለታም ጠጠር ሥጋው ድረስ ዘልቆ ገብቷል። ተራዋ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ኮርቻውን ፈታች። «ጋልቤው ቢሆን ኖሮ እግሩን አጠፋው ነበር» አለችኝ በመጨረሻ።

ጋሼ ይመርን የከነከናቸው ግን ሌላ ነው። «ለመሆኑ ከየት አገር ነው የመጣችው?» አሉኝ። ጠየቅኳት። የቅድመ አያቷ አባት ከብት እየነዳ እዚህ ሲደርስ ካልጋሪ ገና ከተማ እንዳልነበረች ነገረችኝ። ይህን ስተረጉምላቸው ጋሼ ይመር ልጅቷን ትኩር ብለው አዩዋትና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እንግዲያው ባለአገሯ እሷ ናታ!» አሉኝ። «ስለተቀበለችን አመስግንልኝ።»