እናቴ ያልወደደችው ቀለም

አምቦ ቤታችን በረንዳ ላይ እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ እየሣልኳት ነበር። የነጠላዋ ቀይ ጥለት ታች ጉልበቷ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ፊቷን እንዲያሞቀው ብዬ በሥዕሉ ላይ ወደ አንገቷ አመጣሁት። ጉንጯ እንደ ማታ ጀምበር ቀላ። ደስ ብሎኝ ባሳያት ክው አለች። «ያ ዋቅ! ማንን ገደልክብኝ? በደህና ቀን ነጠላ ታዘቀዝቅብኛለህ?» ለካ ቀለሙ፣ ጥለትን ወደ አንገት ማድረግ የለቅሶ አለባበስ መሆኑን አስረስቶኛል! «ኧረ ለውበቱ ብዬ ነው እማዬ» ብል ማን ሰምቶኝ። እያጉረመረምኩ ጥለቱን ወደ ታች መለስኩት፤ ጉንጯንም አገረጣሁት። «አሁን ገና እኔን መሰለ» አለች።

አምና እሷን ቀብረን ስንመለስ፣ እህቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያኔ ከሥዕሉ ያጠፋሁት ቀለም የእህቴ ጉንጭ ላይ ነበር።