ድንጋይ የሚወልድ ውሃ

ያን ማክሰኞ ጠዋት ማቴሮ ሰፈር ወዳለው የአቶ ኢማሲኩ ላውንደሪ የሄድኩት ኮቴን ላመጣ ነበር። ጡረታ የወጣ የሳይንስ አስተማሪ ሥራ ፈት ነውና ኮት ሊቀበል ሄዶ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ አያፍርም። እኔም አላፈርኩም።

ከእኔ ቀድማ አንዲት ወጣት ቆማለች። ቾልዌ ትባላለች፤ የሆቴሎችን ቦይለር የምትጠግን ቴክኒሻን ናት። የመዘምራን ነጭ ቀሚሷን ለእጥበት ሰጥታ አመድ የመሰለ ነገር ተቀብላ ነበር።

"አባባ፣ ይህ የኔ ቀሚስ ነው ወይስ የኩሽና መጥረጊያ?" አለቻቸው።

"ሳሙናው ነው" አሉ አቶ ኢማሲኩ። "የዘንድሮ ሳሙና አረፋ የለውም፤ በእጥፍ ነው የምጨምረው።"

"ውሃዎ ጠጣር ነው። ሳሙናውን ይበላዋል፤ የበላውን መልሶ ልብሱ ላይ ይለጥፈዋል።"

ሽማግሌው ሳቁ። እሳቸው ከሎዚ ጎሳ፣ እሷ ከቶንጋ ናት። የሁለቱ ጎሳ ሰዎች ሲገናኙ በቀልድ መዘላለፍ ወግ ነው፤ የተቀየመ ይሳቅበታል።

"እናንተ ቶንጎች ውሃ የምታዩት ከብት ስታጠጡ ነው። እኔ የጎርፍ አገር ልጅ ነኝ። አንቺ ነሽ ውሃ የምታስተምሪኝ?"

"ውሃ ቢወዳችሁማ በየዓመቱ ከቤታችሁ ባላባረራችሁ።"

እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ያ ሳቄ ያሳፍረኛል።

ክርክሩ ግን አላበቃም። አቶ ኢማሲኩ ይህን የጉድጓድ ውሃ ሠላሳ ዓመት ጠጥተው አንድ ጥርስ እንዳልወለቀባቸው ተናገሩ። ቾልዌም ለመጠጥ ምንም እንደማይል አመነችላቸው፤ ነገር ግን ውሃው ሲፈላ የያዘውን ኖራ እንደሚጥል፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እሱ እንደሆነ አስረዳች። ሽማግሌው ቅርፊቱ ብረቱን የሚጠብቅ ልብስ ነው ባይ ናቸው። ቦይለሩን አይተን እንድንመሰክር ብለው ወደ ጓሮው ወሰዱን።

ቦይለሩ በእንጨት እሳት ይሞቃል። አጠገቡ ልጃቸው ናሲሌሌ በእንፋሎት ካውያ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ቾልዌ የግፊት መለኪያውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ፊቷ ተለወጠ።

"አባባ፣ ይህ ማስተንፈሻ ለመጨረሻ ጊዜ እንፋሎት ያወጣው መቼ ነው?"

"መጀመሪያ ላይ ያለቅስ ነበር። በኋላ ራሱ ዝም አለ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ጨዋ ሆኗል" አሉ በኩራት።

የማስተንፈሻውን እጀታ ወደ ላይ ሳበችው። አልተነሳም። በሁለት እጇ ሳበችው፤ ድንጋይ ነው። እሳቱ ይንቦገቦጋል። ሽማግሌው አሁንም ጨዋታ መስሏቸው፣ የቶንጋ ክንድ ላም ማለብ እንጂ ብረት ማንሳት አይችልም ብለው ቀለዱ። ናሲሌሌም ፈገግ ብላ መተኮሷን ቀጠለች። እኔ ግን የማውቀውን ሳይንስ አስታውሼ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። የሚወጣበት ያጣ እንፋሎት ብረቱን ሰንጥቆ እንደሚፈነዳ ለስንት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬ የለ?

ቾልዌ እጀታውን ለቀቀችው። ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ሎዚ ታላቁን ሲያከብር እንደሚያደርገው እጆቿን በቀስታ አጨበጨበች።

"አባቴ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃን" አለች። "እሳቱን ያውጡት። ልጅዎን ከዚህ ያርቋት።"

አቶ ኢማሲኩ ደነገጡ። ቶንጋ ለሎዚ ተንበርክኮ አይተው አያውቁም። "ናሲሌሌ፣ ካውያውን ጥለሽ ውጪ" አሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ሊከፍቱበት ሲሉም ቾልዌ እጃቸውን ያዘች፤ ውስጡ ውሃ አንሶ ብረቱ ግሎ ከሆነ የሚገባው ውሃ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል አለቻቸው። ፍሙን በአካፋ ስበን አወጣንና ሁላችንም መንገድ ማዶ ሄደን ቆምን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም አልተቀመጠም።

ሲበርድ ቾልዌ ማስተንፈሻውን ፈታችው። አውራ ጣት የሚያስገባው ቀዳዳ በነጭ ድንጋይ ተደፍኗል። የመለኪያው ቱቦም እንዲሁ። ሽማግሌው ከቦይለሩ እስከ መተኮሻው ጠረጴዛ በእርምጃ ለኩ። ሁለት እርምጃ ሆነ።

"አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ፣ አባዬ" አለች ናሲሌሌ።

አቶ ኢማሲኩ የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጡና ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ልማዱ ተለወጠ። ቦይለሩ ተፍቆ ማስተንፈሻውና መለኪያው በአዲስ ተተኩ። ውሃው አሁን መጀመሪያ በማለስለሻ በርሜል ያልፋል፤ በውስጡ ያሉት ትንንሽ እንክብሎች ኖራውን ይይዛሉ፣ በየጊዜውም በጨው ውሃ ይታጠባሉ። ሳሙናው በግማሽ ቀነሰ፣ ነጩ ነጭ ሆነ፣ እሳቱም ድንጋይ ማሞቁን ስለተወ እንጨት ተረፈ። የመጠጡ ቧንቧ እንደ ድሮው ቀርቷል። ቤት ውስጥ ላለ ማንቆርቆሪያ ደግሞ ትንሽ አቼቶ አፍልቶ ማጠብ ይበቃል። ይህን ሁሉ ዛሬ ለደንበኛ የሚያስረዱት አቶ ኢማሲኩ ራሳቸው ናቸው፤ የጎረቤቱን ምግብ ቤት ቦይለር ማስተንፈሻም ሳይጠሩ ገብተው ይፈትሻሉ።

ናሲሌሌን ግን ወደ ቦታዋ ቶሎ አልመለሷትም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከቦይለሩ አጠገብ ቆመው ራሳቸው ተኮሱ። ቅዳሜ ዕለት ልጅቷ መጥታ ካውያውን ከእጃቸው ወሰደች።

"ይበቃል፣ አባዬ። ቦይለሩን አምኜዋለሁ" አለቻቸው። "አሁን የሰው ሱሪ እያቃጠሉ ነው።"