የሀብታሙ መርዶ

ይሄውላችሁ፣ እዚህ አሜሪካ ሥራ ልገባ መኪናዬን ፓርክ እንዳደረግኩ ታናሽ ወንድሜ ዮናታን ከእንግሊዝ በቪዲዮ ደወለልኝ። እዚያ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለአንድ ቀን ሽርሽር ባህር ዳርቻ ወስደውታል። ከኋላው አይስክሬም የያዙ ልጆች ሲሯሯጡ ይታየኛል፤ እሱ ግን ጀርባውን ለባህሩ ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ዞር በልና ባህሩን አሳየኝ እንጂ!» አልኩት።

«አልችልም እትዬ። በጎማ ጀልባ ስንሻገር የተገለበጥነው እዚህ ባህር ላይ ነው። ሀብታሙ እጄን ይዞ ነበር፤ ማዕበሉ ነጠቀኝ።»

ክው አልኩ። ሀብታሙ አዲስ አበባ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ዮናታን «መንገድ ላይ ተለያየን» ስላለን እናቱ እማማ ዘነበች እስካሁን ይጠብቁታል።

«ሶ፣ እናቱ ይወቁ እንጂ! አብሬህ ነኝ፣ አሁኑኑ እንንገራቸው» አልኩት።

ለአለቃዬ ኮል አድርጌ እንደማልገባ ነገርኩና እማማ ዘነበችን መስመር ላይ አስገባኋቸው። ዮናታን እያለቀሰ ነገራቸው።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ይዘኸው ኖርክ፣ ልጄ?» አሉት እማማ ዘነበች። «በቃ፣ አሁን ድንኳን አስተክዬ እንደ ወጉ አለቅስለታለሁ።»